የአባባ ሪዝ ባህር ማዶ

ጥቅምት 3

ለተከበሩት ትንሹ አባባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲስ የማሽን ቀበቶ ይወጠር፣ ሐሳብዎም እንደላመ ዱቄት ይለስልስ እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። (ይህን ያስጻፉኝ አባባ ናቸው፣ ከኋላዬ ቆመው። “ደብዳቤ ያለ ሰላምታ፣ ወፍጮ ያለ ድንጋይ” አሉ። አሁን ሄደዋል፤ እንግዲህ እንደ ሰው እናውራ።)

እኔ የወንድምዎ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ያቺ እርስዎ ባህር ማዶ ሲሄዱ ገና በእቅፍ የነበርኩት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ “ወንፊት” ይሉኛል፤ ምስጢር አትቋጥርም ማለታቸው ነው። ስም ማጥፋት ነው። እኔ የምነግረው ለማምናቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ የማምናቸው ሰዎች መብዛታቸው የኔ ጥፋት አይደለም።

ለምን አልደወልሽም እንዳይሉኝ። ባለፈው ስንደውል እርስዎ “ሄሎ!” ሲሉ፣ አባባ “ሄሎ!” ሲሉ፣ እርስዎ “ማን ልበል?” ሲሉ፣ አባባ “እኔ ደህና ነኝ!” ሲሉ ካርዱ አለቀ። አንዳችሁ ለወፍጮ፣ አንዳችሁ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ጆሯችሁን አስረክባችሁ ስልክ ምን ያደርግላችኋል?

ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው! መምህርታችን ባለፈው ሳምንት “ባህል ከምን ከምን ይሠራል?” ብላ ጠየቀችን። ቋንቋ፣ ደንብ፣ እምነት፣ የሚከበር ነገር፣ መገልገያ ዕቃ እያለች ሰሌዳውን ሞላችው። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ቅድመ አያቱን ለማስታወስ ጣራ ጣራ ያያል። እኔ እጄን አወጣሁና “የኛ ወፍጮ ቤት ሁሉም አለው” አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ “ዱቄታሞች!” አለ። እሷ ግን አልሳቀችም። “አሳዪኝ” አለች። “ካሳየሽኝ በትምህርት ቤቱ የባህል ቀን መድረኩ ያንቺ ነው። ካላሳየሽኝ መዝሙር ቡድን ትገቢያለሽ።”

ትንሹ አባባ፣ እኔ ስዘምር ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። ግን ነገሩ የመዝሙር ብቻ አይደለም። የሳቁት በወፍጮ ቤቱ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙበት ቤት ነው፤ ያንን “ዱቄታሞች” ያለውን ልጅ አፍ ማስዘጋት አለብኝ!

ደግሞስ ምን ይጎድለናል? ቋንቋ አለን፤ ማሽኗ ስትነሳ የሰው ድምፅ ዋጋ ስለሌለው በእጅ እናወራለን። ትንሿ ጣት ቀና ካለች “አልመህ ፍጭ”፣ ጭብጥ “ሸርክተው”፣ ክርን መታ መታ “እንደገና ይመዘን”፣ ጆሮ መጎተት “ይህ ደንበኛ ወሬኛ ነው፣ ማሽኗን እንዳታቆሙ”። ደንብ አለን፤ የሰው ቅንድብ ላይ ያለ ዱቄት አይጠረግም፣ የሠራ ሰው ማዕረግ ነው። እምነት አለን፤ አባባ በየጠዋቱ ማሽኗን ዳበስ አድርገው “እንዴት አደርሽ?” ካላሏት አትነሳም ብለው ያምናሉ። (የሚያስነሳት ቀበቶ ነው፣ ማብሪያውን ተጭኖ። ቀበቶ የምንለው ያንን ረጅሙን የማሽን ሠራተኛችንን ነው።) ጠባይም አለን፤ ቤት ውስጥ እንኳ እንጮሃለን። ባለፈው አዲሷ ጎረቤታችን በር አንኳኩታ “እባካችሁ፣ ለልጆቹ ስትሉ ታረቁ” አለችን። ጨው አቀብይኝ እየተባባልን ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ምልክቶቹን ማን ፈጠራቸው? አባባ “ሁሉንም እኔ፣ ብቻዬን” ይላሉ። እትዬ ሚዛን፣ ማለቴ ሚዛኑን የምትይዘው፣ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ጎተተች።

ሌላም ልጠይቅ። የእርስዎ ስም ሲነሳ አባባ አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ “ሆዱን መታ መታ አድርጎ ምሳ ልበላ ነው ብሎ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየበላ ነው።” እውነት አገር ጥለው ሲሄዱ የተጠቀሙት የምሳን ምልክት ነው?

አክባሪዎ፣ ወንፊት

የጆሮ ማዳመጫ ቢልኩልኝ አልቀየምም።

ጥቅምት 22

ለልጄ ለወንፊት፣

እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይይሽ። ምላስሽ ግን ባለበት ይቁም፤ ከዚህ በላይ ካደገ አፍሽ አይችለውም።

ደብዳቤሽን በእረፍት ሰዓት የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስስቅ አንዱ ትን ያለኝ መስሎት ጀርባዬን ሲደበድበኝ ዋለ።

“ብቻዬን” አለ? ታላቅ ወንድም መሆን ማለት ይኸው ነው፤ እኔንም ከመወለዴ በፊት ያሰበኝ እሱ ነው ሳይል አይቀርም። ጻፊ፦ ክርን መምታት የኔ ነው። ሚዛኑ ላይ እህሉን ሲያስቀምጥ አብሮ ክርኑን የሚያስደግፍ ደንበኛ ነበረን፤ በሱ የተነሳ አወጣኋት። ጆሮ መጎተት የእናታችን ናት፤ ለወሬኛ ሳይሆን ለኛ ነበር የጀመረችው፣ የምትጎትተውም የኛን ጆሮ ነበር። ትንሿ ጣት የሱ ናት፣ አልክድም። ያኔ ትልልቆቹ ጣቶቹ በሙሉ ቆስለው ተጠቅልለው ስለነበር ነው እንጂ አስቦበት አይምሰልሽ።

ስለ ምሳው አልመልስም። ጠግቤያለሁ ማለት ብቻ እችላለሁ።

አሁን በጥሞና ስሚኝ። አንዲት ምልክት አለች፤ አልጻፍሽልኝም ግን ታውቂያታለሽ። ሁለት ጣት የላይኛው ከንፈር ጥግ ላይ፣ ከዚያ ጠምዘዝ። “መጣ!” ማለት ናት። የመጣው ወንድሜ ነው፣ ሪዙም የሱ ነው፤ መቼም በር ላይ ከሱ በፊት የሚገባው ሪዙ አይደል? ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ እሷን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። እንዴት ብሎ ይወቅ? የምትታየው ሊገባ ሲል ነው፤ ሲገባ እጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ይህቺን መድረክ ላይ እንዳታወጪያት። ዕድሜ ልኩን ጀርባው ሲዞር እንደሚቀለድበት በስተርጅና አይወቅ።

ስለኔ ሌላ ምን ይላል? ተዪው፣ አትመልሺልኝ።

ትንሹ አባባሽ

ኅዳር 9

ለትንሹ አባባ፣

እጅ ነሥቻለሁ፣ ጉልበት ስሜያለሁ። (ጉልበትዎ ሩቅ ስለሆነ ፖስታውን ነው የሳምኩት፤ ሙጫው ይመራል።)

ደብዳቤዎን አባባ አነበቡት። አይደንግጡ! ሁለተኛውን ገጽ ቀድሜ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን ደግመው አነበቡት። “ክርኑ የኔ ነው፣ ውሸታም” አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው “እጁ ተንቀጥቅጧል፤ ያ አገር ይበርደዋል መሰለኝ” አሉ። አትመልሺልኝ ስላሉኝ ይህን አልነገርኩዎትም።

አሁን ወደ መዓቱ። ሁሉንም ለመምህርቷ አቀረብኩላት። ቋንቋውን፣ ደንቡን፣ ማሽኗን ሰላም ማለቱን። ደስ አላት፣ ሳቀች፣ ጠየቀችኝ። ልትፈርምልኝ ነው ብዬ እግሬ መሬት አልነካ ብሎ ሳለ “አንድ ነገር ይጎድላል” አለች።

“ምን?”

“ይህ የአንድ ቤት ጨዋታ ነው። ባህል በደም አይወረስም፣ ይማሩታል። እናንተን የማያውቅ፣ ማን እንደጀመረው ያልሰማ ሰው ይዞት ሲገኝ ያኔ ባህል ሆነ ማለት ነው።”

“ሠራተኞቻችን አሉ እኮ!”

“አያትሽ ቆመው እያዩአቸው ነዋ። ማንም ሳያያቸው የሚያደርጉት ሰዎች አምጪልኝ።”

እኔ መቼ ተሸንፌ አውቃለሁ? በማግስቱ የክፍሌን ልጆች ማስተማር ጀመርኩ። ጠዋት ሁሉም ቻሉ። ከሰዓት በኋላ ስጠይቃቸው አንዷ ትንሿን ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፣ አንዱ ክርኑን ሆዱ ላይ መታ፤ በኛ ቋንቋ ምን እንዳለ ባውቅ ይሻለኝ ነበር። የባህል ቀኑ ጥር አጋማሽ ላይ ነው። መዝሙር ቡድኑ ከወዲሁ ከኋላ ረድፍ ቦታ ይዞልኛል፤ አፌን ብቻ እንዳንቀሳቅስ ለምነውኛል።

እርስዎ ጋ ማሽን ይጮሃል አይደል? እዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከምልክቶቻችን አንዷን ያውቃል? የጆሮ ማዳመጫውን ይተዉት። ሰው ይፈልጉልኝ!

ወንፊት

ታኅሣሥ 6

ለልጄ ለወንፊት፣

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ዕድሜውን የምትኖሪበት ማስተዋልም ይጨምርልሽ።

የዘገየሁት መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱን አግኝቼ ፈርቼ ነው።

ሥራዬን ልንገርሽ። የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲዞሩ የናንተ ወፍጮ እሹሩሩ ነው። ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፣ ቢያውቅም በዚያ ጩኸት ምን ይፈይዳል?

የመጀመሪያው ሳምንቴ ላይ ፎጣ አጣጥፌ ቀና ስል አለቃዋ በሩ ላይ ናት። ሳላስበው እጄ ወደ ከንፈሬ ሄደ፣ ጠምዘዝ። አጠገቤ አንሶላ የሚተኩሰው ሰውዬ ፈጠን ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በምን ቋንቋ እንደገባው ፈጣሪ ይወቅ! በማግስቱ እሱ ለሌላው አደረገው። ልብ በይ፣ አለቃችን ወጣት ሴት ናት፤ ከንፈሯ ላይ ከላብ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ነገሩን ረስቼው ኖርኩ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ዓይኔ ተከፈተ፤ እንደ ሰላይ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ። የጠዋት ፈረቃዎች ያደርጉታል፤ እኔ ከነሱ ጋር ሠርቼ አላውቅም። ጫኝና አውራጆቹ ያደርጉታል። በዚህ ሰሞን ደግሞ አንድ አዲስ ልጅ ተቀጠረ። አለቃዋ ስትመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ልጁ ጎሸም አደረገኝና ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠመዘዘልኝ። ዝም ብዬ ሳየው ጊዜ ሽማግሌ ነው፣ አልገባውም ብሎ ቀስ አድርጎ ደገመልኝ። አስተማረኝ! እኔን! የገዛ ወንድሜን ሪዝ!

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቅ ብቻም አልነበረም።

ሌሎቹን ምልክቶችም በጊዜው ሞክሬ ነበር፣ አንዱም አልያዘም። የያዘችው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ መምህርትሽ የጠየቀችሽን አግኝተሻል፤ መናገር ግን አትችይም። ይህን ደብዳቤ ሁሉንም ገጽ ካልሲሽ ውስጥ ክተቺው።

ትንሹ አባባሽ

ታኅሣሥ 20

ለትንሹ አባባ፣

ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ጤናው፣ ሁሉም እንደተጻፈ ይቁጠሩልኝ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል!

ደብዳቤዎን አልጋ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አዲሱ ልጅ ጋ ስደርስ ዘለልኩ። አልጋው ተሰበረ። አባባ ከሳሎን “ምንድነው እሱ?” ሲሉ “ፈተና አለፍኩ!” አልኳቸው። “አልፈሽ እንዲህ ከሆነ ብትወድቂማ ቤቱ ይፈርስ ነበር” አሉ።

ትንሹ አባባ፣ ያልወለድናቸው፣ ያላየናቸው፣ ስማችንን የማያውቁ ሰዎች! ማንም ሳያዛቸው! መምህርቷ ራሷ ብትፈጥረው እንዲህ አይሆንላትም። ሄጄ “ማስረጃ አለኝ፣ ግን አፌ ታስሯል” አልኳት። “ከመዝሙሩ አውጥቼሻለሁ፤ መድረኩ ላይ ካላሳየሽው ግን ፕሮግራሙ ላይ ‘የቤተሰብ ጨዋታ’ ብዬ እጽፈዋለሁ” አለችኝ። የቤተሰብ ጨዋታ! ከገመድ ጉተታውና ከአሻንጉሊት ትርኢቱ መሃል!

እነ እትዬ ሚዛንን አማከርኩ። አብረውኝ መድረክ የሚወጡት እሷና ቀበቶ ናቸው። “የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት የከረምኩት አፌን ዘግቼ እጄን ከፍቼ ነው፤ ተይኝ” አለች። ቀበቶም ሆዱን መታ መታ አደረገና ውልቅ አለ።

አባባ ደግሞ ለሰፈሩ በሙሉ “የልጅ ልጄ ስለ ፈጠራዬ ንግግር ልታደርግ ነው” እያሉ ነው። አዲስ ኮት አሰፍተዋል። የፊት ወንበር አስይዘዋል። ሪዛቸውን በየመስኮቱ መስታወት እያዩ ነው የሚያልፉት።

ይፍቀዱልኝ። እንዲሳቅባቸው አድርጌ አልናገረውም፤ አንድ ሰው ባህር ማዶ ድረስ በሪዙ ብቻ መታወቁ ስድብ ነው? ካልፈቀዱ ግን አላደርገውም። ወንፊት ብሆንም ለአንድ ቀን ቀዳዳዬን እደፍናለሁ።

ወንፊት፣ በጉጉት የምትሞተው

ጥር 4

ለልጄ፣

ይባርክሽ። አይሆንም።

አንድ ወንድም ነው ያለኝ። በዓመት አንዴ ሁለቴ “ሄሎ” ተባብለን ሳንሰማማ ስልኩን እንዘጋለን፤ ያቺንም እንዳላጣት እፈራለሁ። ጥዬው መሄዴ ሳያንስ ሳሾፍበት እንደኖርኩ ከሰው ፊት አይስማ። ‘የቤተሰብ ጨዋታ’ ይባል፤ በመጥፎ ስም የሞተ ሰው የለም።

ኮቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ትንሹ አባባሽ

ጥር 18

ለትንሹ አባባ፣

ቁጭ ይበሉ። ውሃ ይያዙ። ጤናዎ ከዚህ ደብዳቤ በፊት እንደነበረ ከደብዳቤው በኋላም ይቆይልኝ!

ኮቱ ግራጫ ነው።

ምስጢርዎን ጠብቄ ነበር፤ በዚህች አፌ ቃል አልወጣም። ፕሮግራሙ ላይ “የቤተሰብ ጨዋታ” ተብሎ ታተመ፣ ዋጥኩት። ሦስታችን መድረክ ወጣን፣ እኔ፣ እትዬ ሚዛንና ቀበቶ። የፊት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ አባባ ለክብሩ ብለው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ቀርተዋል። ትንሿን ጣት አሳየን። ጭብጡን አሳየን። አዳራሹ በወሬ ይንጫጫል። ያ ልጅ ከኋላ “ዱቄታሞች!” አለ። ክርን መታን። አንዲት እናት አዛጋች።

የጎኑ በር ተከፈተ።

አባባ! ግራጫ ኮት፣ ሪዛቸው ተከርክሞ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ጫፉ ወደ ሰማይ! ቀድሞ ያያቸው ቀበቶ ነው። እጁ እሱን አላማከረውም፣ ዝም ብሎ ሄደ፤ ሁለት ጣት፣ ከንፈር፣ ጠምዘዝ። እትዬ ሚዛን ተከተለች። እኔስ? ያን ሁሉ ጊዜ አፌን ስጠብቅ እጄን ማን ይጠብቃት? ከንፈሬ ላይ አገኘኋት።

አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። አባባ ቆሙ። ማን እንደሚመጣ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ማንም የለም። በሩን ከፍተው ውጭውን አዩ። አሁንም ማንም የለም። ተመልሰው እኛን አዩን፤ ሦስት ከንፈር፣ አንድም ሪዝ የለም።

“ማነው የሚመጣው?” አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ጮኸው።

“እርስዎ” አልኩ።

“እኔማ መጥቻለሁ!”

“እርስዎ ሲመጡ ነው… እንዲህ የሚባለው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“እኔ ስቀጠር ነበረ ጌታዬ” አለች እትዬ ሚዛን፣ ለወለሉ።

አባባ ሪዛቸውን ዳሰሱት፣ በቦታው መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ሞትኩ፣ ተቀበርኩ፣ አልቅሰው ተመለሱ።

ይኼኔ ዳይሬክተሩ ነገሩን ለማብረድ ተነሥተው ወደ መድረኩ መራመድ ጀመሩ። ከኋላ ረድፍ ያው ልጅ፣ ያ “ዱቄታሞች” ባዩ፣ ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠመዘዘ! አጠገቡ ያለችው ቀጠለች። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ! አድርጉ ያላቸው የለም! ዳይሬክተሩ ፊታቸው እንደ ዕንቁላል ነው፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳይገባቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይፈትሻሉ። መምህርታችን አፏን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈነች፤ ከወረቀቱ ሥር ግን የሷንም ሁለት ጣት አየሁ። ከዚያ ማይክራፎኑን ያዘች።

“ፕሮግራሙ ላይ ስህተት አለ” አለች። “ይህ የቤተሰብ ጨዋታ አይደለም። የወፍጮ ቤቱ ባህል ነው።”

ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ! ግን መደሰት አልቻልኩም፤ ወደ ቤት ስንሄድ አባባ ዝም አሉ። አባባና ዝምታ አብረው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ “እሱ ነው ያወጣት” አሉ። ጥያቄ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። አዎ፣ እኔ! ከዚያ ግን አላስቻለኝም፤ ካልሲዬን አውልቄ ደብዳቤዎን ሰጠኋቸው። ይቅር ይበሉኝ። ሳቅ ብቻ አልነበረም ያሉትን ካላነበቡ የቀረውን በትክክል አይረዱትም ብዬ ነው።

ቆመው አነበቡት።

“አንዳቸውም አላዩኝም?” አሉ።

“አንዳቸውም።”

“አለቃዋም ሴት?”

“ሴት።”

“ሪዝ የላትም?”

“ላብ ብቻ።”

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ሲስቁ ነው፣ ትንሹ አባባ! ማሽኗ እስክትሰማ ሳቁ! የዱቄት መቀበያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አዲሱን ኮት ነጭ አድርገው፣ አዲሱ ልጅ ቀስ አድርጎ ደገመልኝ የሚለውን ደጋግመው አስነበቡኝ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ቀሙኝ። ሰላምታ ያስቀድሙ እንጂ ብላቸው “ለሱ?” አሉ። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ነው።

ወንፊት

አንተ፣

ሦስቱም በቀኝ እጃቸው ነው ያሳዩት። እኔ ሪዜን የምጠመዝዘው በግራ እጄ ነው፤ በቀኜ ዱቄት እፈትሻለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ቆመህ ይህን አላየህም? የዚያን አገር ሰው በሙሉ አሳስተኸዋል። ነገውኑ አርማቸው።

አጠማዘዙ ከጠፋህ መጥተህ እየው።